ያለ ቅቤ የቀመስኩት ስኳር ድንች

ወሬውን ያመጣችልኝ ሊዲያ ናት። እኔ ጡረታ ስወጣ ጠረጴዛዬን የተረከበች የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ የአሪ ልጅ፣ እዚሁ ጂንካ ተወልዳ ያደገች። ሞተሯን ከአጥሬ ውጭ አቁማ፣ ሄልሜቷን በክንዷ እንዳንጠለጠለች ገባችና አልቀመጥም አለች።

«እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። አይቀየሙኝም?»

«ሳልሰማው በምን ልቀየም? ይልቅ ተቀመጪ።»

«ለሕፃን ስኳር ድንች ሲሠራ ቅቤ አይጨመርበትም ብለው ያስተማሩበት ጊዜ አለ?»

ሳቅኩ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ቅቤ ጨምሩ፣ ዘይት ጨምሩ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የቢሮ ልጆች በሌለሁበት «ጠብ አድርጊበት» እያሉ እንደሚጠሩኝም አውቃለሁ። ሊዲያ ግን አልሳቀችም። በዚያ ሳምንት ላይኛው ቀበሌ ወጥታ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ብርቱካናማውን ስኳር ድንች ቀቅላ ለልጇ ስትደፈጥጥ አገኘቻትና፣ «ጎበዝ፤ አሁን ትንሽ ቅቤ ጠብ እናድርግበት» ብትላት ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት። «አይሆንም፣ ቅቤ ያበላሸዋል። አማቴን አስካለ ናት ያስተማረቻት» አለቻት።

«አማቷ ማን ትባላለች?» አልኩ።

«አልማዝ። ሃና በምትባለው የቆላ ከተማ ብዙ ዓመት ኖራ ነው የተመለሰችው አሉኝ።»

ሊዲያን ተቀመጪ ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ራሴ ተቀመጥኩ። አልማዝን ስፈልጋት ነው የኖርኩት። እሷንና ሌሎች ሦስት ሴቶችን። በእኔ ጥፋት የተሳሳተ ነገር ይዘው የሄዱ አራት እናቶች ነበሩ፤ ስህተቱም፣ ይኸው፣ ከአማት ወደ ምራት ተላልፎ እስከ ዛሬ ሕፃን ይመግባል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ግን ጥፋቴን ብቻ ብጽፍ በሥራዬ ላይ እዋሻለሁ። ሥራዬ ያኮራኛል። እግዚአብሔር የሰጠኝን ዕድሜ በሌላ ነገር ባሳልፈው ኖሮ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የተወለድኩት ወሎ፣ ወረኢሉ ነው። የቤት ኢኮኖሚክስ ሥልጠናዬን ጨርሼ ምደባዬ ደቡብ ኦሞ ሲባል፣ መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። እናቴ «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብቻ አለች። አራት ቀን አልኳት። ዳዊቴን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና «አራት ቀን ከሆነ ያው ሀገር ነው» አለች፤ ፊቷን አዞረች። ጂንካ ስደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ላሞች ይግጡ ነበር። ደመወዙ ለብቻ ሰው ይበቃል፣ አበሉ ይዘገያል፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን እትዬ ዘነበች ናት። ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት በአውራጃው የዞረች፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ ሴት ነበረች። ልማዶቿን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ቤት ስትገባ መጀመሪያ «ዛሬ ምን በላችሁ?» ትላለች፤ ቀጥላ «እስቲ አቅምሱኝ»። ቤቱ ያፈራውን ሳትቀምስ አንዲት ቃል አታስተምርም። ደብተሯን ሴቶች ፊት አታወጣም፤ ወጥተን ስንመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። በኩባያ አትለካም፤ በቤቱ ቅልና በእናቲቱ ጭብጥ ነው። ለሠርቶ ማሳያ ከከተማ ምንም ይዛ አትሄድም። ድስቱም ቢላውም ቅቤውም ከሴቶቹ ነው የሚዋጣው። አንድ ቀን፣ ገና አዲስ ሳለሁ፣ የሚያምር ድስት ከቢሮ ይዤ ብነሳ ከእጄ ቀማችኝ። «ስንመለስ አብሮን የሚመለስ ነገር ካለ፣ ትምህርቱም አብሮን ይመለሳል» አለች።

አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ የእሷ ሳይሆን የሀገሩ ነበር። ያበሰለ ሰው ቀድሞ ካልቀመሰ ምግቡ ለሰው አይሰጥም፤ ለሌላ ሰው ልጅማ ጭራሽ። ሴቶቹ ድስቱን ሳይሆን አፋችንን ነበር የሚያዩት። ጎርሰን ስንውጥ ብቻ ነው ልጆቻቸውን የሚያቀርቡልን።

የአሪ ሰው ስኳር ድንችን ከእኛ አልተማረም። ነጩን ከጥንት ያውቀዋል፤ ጓሮው ከእንሰትና ከጎደሬ ጋር በእሱ የተሞላ ነው። ብርቱካናማው ግን እኔ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የመጣ ነው፤ ከምርምር ማዕከል ሐረጉ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ደረሰን። መጀመሪያ ቀቅለን ያቀመስናቸው አንድ ሽማግሌ አኝከው አኝከው፣ «ይሄ ካሮት ነው እንዴ? ውሃ ነው። ይሄን በልቼ ዳገት አልወጣም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ዘነበችም አብራ ስቃ፣ «አባባ፣ ዳገቱን እርስዎ በነጩ ይውጡት። ይሄ ለልጅዎ ልጅ ዓይን ነው» አለቻቸው።

እውነቷን ነበር። በዚያ ዘመን ዳፍንት የተለመደ ነበር፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ልጅ በገዛ ቤቱ ከምሰሶ ጋር ይጋጫል፣ ፍየሉን ከጉቶ አይለይም። ሰዉ በዕድሜው የሚተወው ነገር ይመስለዋል። ነገሩ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ብርቱካናማው ስኳር ድንች ይህን ቫይታሚን የሚሆነውን ነገር በቀለሙ ውስጥ ይዞታል፤ ለትንሽ ልጅ የእናቱን ጭብጥ የሚያህል አንድ ድንች የቀን ድርሻው ነው ብለን እናስተምር ነበር። ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ አያደርቅም፣ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበላል። አበሳሰሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከነልጣጩ፣ በትንሽ ውሃ፣ ድስቱ በደንብ ተከድኖ መብሰል አለበት። ተከትፎ ይደርቅ ከተባለም በጥላ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል፣ ቀለሙ ከሄደ ጥቅሙም ሄደ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ቫይታሚን ያለ ስብ ሰውነት ውስጥ በቅጡ አይገባም። ትንሽ ቅቤ፣ ወይ ዘይት፣ ወይ ወተት አብሮት መኖር አለበት። ይህን እንደ አባታችን ሆይ ነበር የማውቀው።

ታዲያ አውቄው ነው ያጠፋሁት።

ሁዳዴ ነበር። እትዬ ዘነበች ወባ ጥሏት ተኝታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ላይኛው ቀበሌ ሠርቶ ማሳያ ወጣሁ። የቀበሌዋን ስም አልጽፍም፤ የነበሩት ያውቋታል። ጾሜን እንዳልሽር ቀጠሮውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረግኩት። ሃያ ሦስት ሴቶች መጡ። አልማዝ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ አመጣች። ድንቹ በሰለ፣ ላጥን፣ ደፈጠጥን። ቅቤውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ግን መቅመስ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ሃያ ሦስት ሴት አፌን እያየ ነው። ዘይት የለኝም፤ በደንባችን ከከተማ ምንም አልያዝኩም፣ በመንደሩም ዘይት የሚባል የለም። ቅቤ ያለበትን በሁዳዴ አልጎርስም። ካልጎረስኩ ደግሞ ልጅ አይቀርብልኝም።

ስለዚህ ቅቤውን ተውኩት። ያለ ቅቤ ቀመስኩ፣ ዋጥኩ፣ «ግሩም ነው» አልኩ። ልጆቹ በሉ። ቅቤውን ለአልማዝ መልሼ ሰጠኋትና፣ ለሚያስተረጉምልኝ የልማት ሠራተኛ «በየቤታችሁ ስትሠሩ ግን ቅቤ ጨምሩበት በልልኝ» አልኩት። እሱም አለ። ሴቶቹ ግን ተነስተው፣ ልጆቻቸውን እያቀፉ፣ እየተንጫጩ ነበር። እኔ ጾሜም ሥራዬም የተቃና መስሎኝ ደስ እያለኝ ወረድኩ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ማርታ ነበረች። ሴት ልጇ ምሕረት አራት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ዳፍንት ነበረባት። እንደ ማርታ ያለ ተማሪ አላየሁም፤ ሐረጉን ተክላ፣ እስኪደርስ ድንቹን ከጎረቤት ለምና፣ በየቀኑ ለልጅቷ ትሰጥ ነበር። ከወር በኋላ ገበያ አግኝታኝ «ማታ ማታ አሁንም ትወድቃለች» አለችኝ። እኔም በሁለተኛ ጥፋቴ፣ «ታገሺ፣ እየበላች ይሻላታል» አልኳት። የታመመ ዓይን ምግብ አይጠብቅም፤ በዚያችው ቀን ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረብኝ። ከዚያ በመንደሩ ኩፍኝ ገባ፤ ምሕረትንም ያዛት፣ የተጎዳውን ዓይኗን አባሰባት። ማርታ ልጅቷን አዝላ ጂንካ ሆስፒታል ስትደርስ የግራ ዓይኗ ብሌን ነጭ ሆኗል። ቀኙን አተረፉላት፤ ግራው አላየም፣ አያይምም።

ማርታን በሆስፒታሉ በር ላይ፣ «ምን ትሰጫት ነበር? እንዴት ትሠሪው ነበር?» እያልኩ እንደ መርማሪ ጠየቅኳት።

«እንዳንቺ ነው የሠራሁ። ቀቀልኩ፣ ላጥኩ፣ ፈጨሁ» አለች።

«ቅቤስ?»

በጣም ገርሟት አየችኝ። «ቅቤ? አንቺ አልጨመርሽ።»

ቀጥ ብዬ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኩፍኙን፣ ነጩን ብሌን፣ የማርታን መልስ። ሌላ ሰው ቢሆን ለምን ቶሎ ወደ ሕክምና አልላክሻትም ብሎ ይጀምራል። እሷ ግን «ማን ቀመሰ?» አለችኝ።

«እኔ።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ።»

«እኔ በጾም ከሴቶቹ አንዷን ነው የማስቀምሰው። ጴንጤ ናቸው፣ አይጾሙም፤ አንዷ ትሠራለች፣ አንዷ ትቀምሳለች፣ እኔ ዳር ቆሜ እቀልዳለሁ። አላየሽም?»

አይቼ ነበር። ደክሟት መስሎኝ ነበር።

የንስሐ አባቴም ዘንድ ሄድኩ። አዳምጠው ሲጨርሱ «ቅቤ በእጅሽ መንካት ጾምሽን አይሽረውም» አሉኝ። «የልጅን ድርሻ ለራስሽ ጾም ብለሽ ማስቀረት ግን ሌላ ነገር ነው።» የሰጡኝን ስግደት ሰገድኩ። ከዚያ ሌላውን ንስሐ በእግሬ ጀመርኩ።

ሃያ ሦስቱን ሴቶች ቤት ለቤት ፈለግኳቸው። በየቤቱ በር ላይ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ቀላል አልነበረም፤ ባለሙያ ተሳሳትኩ ሲል ሰምተው አያውቁምና መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ቅቤውን ለገበያ ማትረፍም ለምደው ነበር። በቃል እንደማይሆን አየሁ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አወጣሁ፤ በኋላ በዞኑ ሁሉ የተስፋፋው ዘዴ የኔ ነው፣ ይህን በኩራት እናገራለሁ። ድንቹን በጥሬው በትንሹ እከትፍና ግማሹን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን፣ ለዚህ ብቻ ከደንባችን ወጥቼ ከከተማ በያዝኩት፣ የሞቀ ዘይት ውስጥ እጨምራለሁ። ውሃው ያው ውሃ ይመስላል። ዘይቱ ግን እያዩት ብርቱካን ይሆናል። «የዓይኑ መድኃኒት ይሄ ቀለም ነው» እላለሁ፤ «በውሃ አይወጣም፣ ስብ ካላገኘ ሆድ ደርሶ ይመለሳል።» ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሴቶቹ እርስ በርስ ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው ቤት የማርታ ነበር። አልወቀሰችኝም። ዘይቱ ቀለም ሲያወጣ አየችና «አሁን ሌላ የቀረ ነገር ካለ ንገሪኝ። ሁሉንም ንገሪኝ» አለች። እስከ ማታ ተቀምጠን የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ምሕረት ዛሬ ራሷ እናት ናት፤ ጓሮዋ ከመንደሩ አንደኛ ነው። ያ እኔን ነፃ አያወጣኝም፤ ደስታውን ግን አልክድም።

ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙን አገኘሁ። አራቱ ቀበሌውን ለቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራሁ። ቆላ ወርጄ ከብት አርቢዎቹ አርቦሬዎች ዘንድ ስመደብ፣ ከወይጦ ወንዝ በተጠለፈች ቦይ ዳር ጥቂት ሐረግ ተከልን። ሙቀቱ ሰው ያቃጥላል፤ ሐረጉ ግን ያዘ። የደረሰውን ቀቅዬ ዘይቴን ሳወጣ አንዲት የአርቦሬ እናት ቅሏን አንስታ ወተት ገለበጠችበት። ወተቱስ ባይኖር ብዬ በአስተርጓሚ ብጠይቃት «ያለ ወተት? እናንተ ልጆቻችሁን ትጠላላችሁ እንዴ?» አለች። አስተርጓሚው ሊያለሳልሰው ሞከረ፤ እኔ ግን እንዳለ ጻፍኩት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ እትዬ ዘነበች።

በደጋው ትልቁ ፈተና በጋው ነበር። ድንቹ ይበላል፣ ሐረጉ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲመጣ የሚተከል ይጠፋል። የአሪ ሴቶች ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ የዕቃ እጣቢ በሚደፋበት ቦታ ጥቂት ሐረግ አቆይተው ክረምቱን እንዲጠብቁ አደረግን። ሐረጉ ከጫፉ ይቆረጣል፣ አንድ ሁለት ቀን በጥላ ያርፋል፣ ከዚያ ከሦስት ሁለት እጁ አፈር ውስጥ ገብቶ ይተከላል። አንድ ዓመት በጋው ከፍቶ የቢሮው ችግኝ ጣቢያ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ለዞኑ ሐረግ የሰጡት እነዚያ ሴቶች ናቸው። አለቃዬ፣ ከቢሮ መውጣት የማይወድ ግን ቅን ሰው፣ «ከየት አመጣሽው?» አለኝ። «ከእጣቢ ውሃ» አልኩት። ሪፖርቱ ላይ «ከአርሶ አደር ማሳ» ብሎ አሳመረው።

ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ ዛሬ ብርቱካናማው ተቀቅሎ ይሸጣል። በመጨረሻው የሥራ ዓመቴ ከአንዲት ሻጭ ልገዛ ብቆም፣ «ለልጅ ከሆነ ቤትሽ ስትደርሺ ዘይት ጠብ አድርጊበት» አለችኝ። አላወቀችኝም። ማን አስተማረሽ አላልኳትም፤ ገዝቼ ሄድኩ።

እንግዲህ ሊዲያ ወሬውን ባመጣች በሳምንቱ፣ ነጠላዬን አጥብቄ አስሬ ከሞተሯ ኋላ ተቀምጬ ላይኛው ቀበሌ ወጣሁ። ማክሰኞ ነበር፤ ጾም ያልሆነ ቀን ሆን ብዬ መረጥኩ። አልማዝ ደጃፏ ላይ ቦሎቄ ትፈለፍላለች። በእሷ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል የለም።

«አርጅተሻል» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔም። እኔ ግን በእግሬ ነው የምሄድ። አንቺ እንደ ከረጢት ተጭነሽ መጣሽ።»

ምራቷ ልጇን አቅፋ ከኋላዋ ቆመች። እኔም ሳልጠማዘዝ ነገሩን አነሳሁ፤ በዚያ ቀን ቅቤው መጨመር ነበረበት አልኳት።

«አንቺ አልጨመርሽ» አለች።

«ጾም ላይ ነበርኩ። በአፌ ግን ተናግሬያለሁ።»

«ያ ሁሉ ሴት እያወራ አፍሽን ማን ሰማ? እጅሽን ነው ያየን። ቅቤዬን መለስሽልኝ፣ እኔ ሸጥኩት።» ቦሎቄውን አስቀመጠች። «ታዲያ እዚያ ሃና ያሳደግኳቸው ልጆቼስ?»

የፈራሁት ጥያቄ ነበር። «ዓይናቸው እንዴት ነው?» አልኩ።

«ደህና ነው። ሃና ወተት ነበር። ድንቹን በወተት ነው የበሉ።»

አማተብኩ። እኔ ያጎደልኩትን ላም ሞልታልኝ ነበር። እዚህ ግን ላም የላቸውም፤ የልጅ ልጇ ከወተት ከተለየ ቆይቷል። ወደ ምድጃው ገባሁ። ምራቷ ከጎረቤት ያመጣችውን ቅቤ አቀለጠች፣ እኔ ድንቹን ደፈጠጥኩ፣ ቅቤውን በእጄ ጨመርኩ፤ ከዚያ ሦስቱም እያዩኝ ጎረስኩ። ልጁ ቀርቦ በላ። ሊዲያ በማግስቱ ሕፃኑን ለምርመራ ጤና ጣቢያ አስወሰደችው፤ ዓይኑ ጤነኛ ነው ተባለ።

ሦስቱ ቀርተዋል። አንደኛዋ ድንቅነሽ ናት፤ ቀይ አፈር አግብታ ሄደች፣ ከዚያ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አጣሁ። ሁለተኛዋ የፖሊስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሲቀየር ተከትላው ከዞኑ ወጣች፤ ወርቅነሽ እንላት የነበረ ይመስለኛል። ሦስተኛዋን ስሟን አልጠየቅኩም። እህቷን ልትጠይቅ መጥታ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠች፣ መንታ ያቀፈች ቀጭን ሴት ናት፤ አንዱን መንታ ይዤላት ነበር።

በዚያ ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ ወይም እናቶቻችሁ የነበሩ፤ ያ የልማት ሠራተኛ፣ በወቅቱ የቀበሌው መምህራን የነበራችሁ፤ ከእነዚህ ሦስት ሴቶች አንዷን የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም ምራታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እባካችሁ ወደ እኔ መላክ አያስፈልግም፤ እናንተው ሂዱልኝ። አስካለ ተሳስታ ነበር በሉ፤ ግን በማለት ብቻ አትመለሱ። ምድጃው ድረስ ግቡ፣ በእጃችሁ ጨምራችሁ አሳዩ፣ ቀድማችሁ ቅመሱ። ጾም ከሆነ ዘይት ይዛችሁ ሂዱ።